የተለቀሰለት አይታከምም

ልጆቼ መሞታቸውን የነገሩኝ ጎህ ሲቀድ ነው። ልጅ የለኝም። ኖሮኝም አያውቅም። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ወንድ የሚባል ፍጡር እጄን የነካው ሊፍት ውስጥ ሲጋፋኝ ብቻ ነው።

በሩ ሲንኳኳ እማ ቀድማኝ ነቃች። በእኛ ብሎክ ለሌላው ነገር ሁሉ በሩ ራሱ ይናገራል። ዱቄት ሲደርስ፣ ውሃ ሊቋረጥ ሲል፣ ጎረቤት ጨው ሲያልቅበት በስም ይጠራናል። ለመርዶ ግን ሰው በጣቱ ማንኳኳት አለበት ተብሎ በእድሩ ደንብ ውስጥ ተቀምጧል። አክብሮት ነው ይላሉ። ስለዚህ የጣት ድምፅ የሰማ ሁሉ ገና በሩን ሳይከፍት ማልቀስ ይጀምራል።

አምስት ሆነው ገቡ። ከፊት የእድራችን ዳኛ ጋሽ ክሩቤል፣ ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው። ከኋላቸው እማማ ሊዲያ፣ የብሎኩ አስለቃሽ። የቀሩት ሦስቱ ለመርዶ ቁጥር ማሟያ የሚመጡ ናቸው፤ ብዙም አይናገሩም፣ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ።

እማ ራሷን በሁለት እጇ ያዘች። "ማነው? እህቴ ናት? ተናገሩ እንጂ!"

"ተቀመጪ ኤልዳና" አሉ ጋሽ ክሩቤል።

"አልቀመጥም! ማነው?"

እሳቸው እማን አልፈዋት መጡና ፍራሼ አጠገብ ቆሙ። እኔ አፌን ሳላብስ ገና አንድ ዓይኔን ነው የገለጥኩት።

"የውብዳር ልጄ፣ በርቺ እንግዲህ። የዚህ ዓለም ነገር እንዲህ ነው።"

"ማን ሞተ ጋሼ?"

"ልጆችሽ።"

ሳቅኩ። ምን ላርግ? ከሦስቱ ጉሮሮ ጠራጊዎች አንዱ "ደንግጣ ነው" አለ፤ ሌላው ውሃ አምጡላት አለ። እማማ ሊዲያ ደረታቸውን አንድ ጊዜ መትተው ጀመሩ፤ እማ ደግሞ ምን እንደሆነ ሳታውቅ ተከተለቻቸው። የብሎኩ ሰው ሁሉ ኮሪደር ላይ ቆሞ ይጠብቅ ኖሮ ከውጭ ዋይታው ተቀበለ። እኔ ብቻ ነኝ ፍራሽ ላይ ቁጭ ብዬ ብርድ ልብሴን የምፈልገው።

የእማ አያት ልጅ ሳሉ እድር ሰው ቤት የሚመጣው ሰው ሲሞት ብቻ ነበር አሉ። ኋላ ላይ ሐኪም ቤቱም እድር ገባ፣ ሽንት ቤቱም እድር ገባ። አሁን ጠዋት ጠዋት ሁላችንም መቀመጫው ላይ እንቀመጣለን፤ መቀመጫው የወጣውን አንብቦ ለእድሩ ያቀብላል። ከዚያ በድሮው ዳኛ በጋሽ ሮቤል ድምፅ "ደህና ነሽ" ይላል። ሰውየው ከሞቱ ቆይተዋል። እኛ ሽንት ቤት ውስጥ ግን አሉ።

እኔን "ደህና ነሽ" ሲሉኝ ከረሙ። የወር አበባዬ ከጠፋ ወራት አልፎት፣ ግንባሬ በብጉር ታጥሮ፣ አገጬ ላይ ፂም እያቆጠቆጠ፣ እሳቸው እቴ! "ደህና ነሽ።" ለካ ካወቁት ቆይተዋል። ለካ መርዶ ለባለቤቱ በድንገት አይነገርም ተብሎ ነው፤ ሽማግሌ እስኪሰበሰብ፣ ቀን እስኪቆረጥ ሰው ሁሉ ይደብቃል። መቀመጫውም ደንብ ያውቃል።

መጠርጠር ነበረብኝ እኮ። ዳቦ ቤት ወረፋ ስይዝ ከፊቴ ያሉት ዞር እያሉ "እለፊ እናቴ" ይሉኝ ነበር። ሊፍት ውስጥ ቦታ ይለቁልኛል። ጣሪያ ላይ አብራኝ ሶላር የምትወለውለው ጓደኛዬ ማንጠግቦሽ ሳምንት ሙሉ አልሰደበችኝም። እሷ ከተወለደች ጀምራ የምትሳደብ ልጅ ናት፤ ስድብ ካቆመች ወይ ታማለች ወይ እኔ ሞቻለሁ ማለት ነው።

ጋሽ ክሩቤል ለቅሶው ትንሽ ሲበርድ አስረዱን። መቀመጫው ያገኘብኝን በሽታ ስሙን ለመጥራት ሞከሩና መሃል ላይ ተዉት።

"ስሙ ረጅም ነው ልጄ። እኛ የጠየቅነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ትወልዳለች ወይ? አልነው። 'ሊያስቸግራት ይችላል' አለ።"

"እና? 'ሊያስቸግራት ይችላል' ነው እኮ ያለው።"

ጋሽ ክሩቤል በሐዘን አዩኝ። "ልጅ ነሽ፤ የሐኪም አነጋገር አታውቂም። አባቴን 'ትንሽ ሊያስቸግራቸው ይችላል' ነው ያሉን። በሳምንቱ ቀበርናቸው።"

ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እያንዳንዱ "ትንሽ ነው" ተብሎ የሸኘው ሰው አለው።

በዚህ መካከል ድንኳኑ ብሎኩ በር ላይ ራሱን ዘረጋ። ምሰሶው ውስጥ ተጠቅልሎ ነው የሚኖረው፤ መርዶ ሲነገር ይወጣል። ኮሪደሩ ላይ ያለው ጡሩምባ ሦስት ጊዜ ነፋና "የእድርተኛ የወይዘሮ ኤልዳና የልጅ ልጆች ስላረፉ ልቅሶ አትቅሩ" አለ። ስንት ልጆች እንደሆኑ አልተናገረም። የማይወለድ ልጅ አይቆጠርም መሰለኝ።

እኔ በኋላ በር ሹልክ ብዬ ወደ ምድር ቤት ወረድኩ። እዚያ የሲስተር ኤፍራታ መስኮት አለ። ሲስተር የብሎኩ ነርስ ናት፤ ከመስታወቱ ጀርባ ተቀምጣ ስማቸው በእድሩ የታማሚ መዝገብ ላይ የወጣላቸውን ታክማለች። ስትናገር እንደ ሬዲዮ ነው፤ አትሞቅም፣ አትበርድም።

"ሲስተር፣ ምንድነው ያለብኝ?"

"ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ይባላል። እንቁላል የሚያመርተው እጢሽ ላይ ትንንሽ ከረጢቶች ይታያሉ። ሆርሞንሽ ስለተዛባ እንቁላሉ በጊዜው አይለቀቅም። የወር አበባሽ የሚጠፋው፣ ብጉሩ፣ ፂሙ፣ ክብደቱ፣ ሁሉም ከዚያ ነው።"

"ፂም የለኝም።"

በመስታወቱ ውስጥ አገጬን አየችኝ። ትምህርት ቤት ስድስተኛ ክፍል ላይ "አቶ የውብዳር" ያለኝን ልጅ አፍንጫ ሰብሬ ነው ትምህርት ያበቃልኝ። ሲስተር ግን አፍንጫዋ ከመስታወት ጀርባ ነው።

"ብርቅ አይደለም" አለች። "ከአሥር ሴት አንዷ አላት። ክኒን አለው። የወር አበባሽ ይስተካከላል፣ ስኳሩም እንዳይመጣ እንከታተላለን። ልጅ ስትፈልጊ ደግሞ ሌላ ክኒን አለ። አብዛኞቹ ይወልዳሉ።"

"ይወልዳሉ?"

"ይወልዳሉ።"

"እና ውጭ የሚለቀሰው ለማነው?"

"እሱን እድሩን ጠይቂ። እኔ ልቅሶ ላይ አልሠራም።"

"እሺ በቃ ክኒኑን ስጪኝ።"

"አልችልም። ልቅሶሽ ተጀምሯል። የተለቀሰለት አይታከምም።"

ይህችን አባባል ሰምቻት አውቃለሁ። ሕፃን ሆኜ ለአንድ ሽማግሌ ድንኳን ተጥሎ ሰውየው በመስኮት ሲያዩ ነበር። እድር ለሐዘን ለጋስ ነው፤ ለሕመም ግን እጁ አጭር ነው። ለአንድ ሰው ሁለቱንም አይሰጥም። ማን ሁለቴ ይከፍላል?

ሲስተር ኤፍራታ ግራ ቀኝ አየች። ድምፅዋን አልቀነሰችም፤ ፍጥነቷን ብቻ ጨመረች።

"አንድ አንቀጽ አለ። ባለሐዘን ያላለቀሰበት ልቅሶ ፈራሽ ነው። ድሮ አንዱ ከሥራ ለመቅረት የሌለ አጎት ፈጥሮ ድንኳን ስላስጣለ ነው የወጣው። የቤቱ ባለቤት እንባ ሳይታይ 'አላዘንኩም' ካለች ይፈርሳል። ወይ ደግሞ ባለሐዘኗ እስከ ሠልስት፣ ድንኳኑ እስኪታጠፍ፣ እንባዋ ካልታየ ይፈርሳል። ከፈረሰ ታማሚ ትሆኛለሽ። ታማሚ ከሆንሽ እዚህ መስኮት ትመጫለሽ።"

"ካለቀስኩስ?"

"ቀጣይ!" አለች። ከኋላዬ ማንም አልነበረም።

እንግዲህ ሥራዬ ይኸው ነው። አለማልቀስ። ቀላል ነገር መስሎኝ ነበር። እኔ ሶላር ላይ አንሸራቶኝ ክንዴ ሲሰበር ያላለቀስኩ ልጅ፣ የማላውቃቸው ልጆች ላይ አለቅሳለሁ?

ድንኳኑ ውስጥ መሃል አስቀመጡኝ። ሰው እየመጣ አውራ ጣቱን በሩ ላይ ያስነካል፤ መምጣቱ ይቆጠርለታል። ትንሽ ይቀመጣል፣ ይተነፍሳል፣ ይሄዳል። ሥራ ያልተመቸው ድምፁን ይልካል። ከጎኔ ያለው የፕላስቲክ ወንበር ላይ እፍኝ የማትሞላ ድምፅ ማጉያ ተቀምጣለች፤ እሷ የአራተኛ ፎቁ ጋሽ ናትናኤል ናት። በየጊዜው "እህ… እህ… እግዜር ያጥናችሁ" ትላለች። አንዳንዴ ከኋላዋ የመኪና ጥሩምባ ይሰማል። ንፍሮ ሲታደል ለእሷም አስቀመጡላት።

የመጣው ሁሉ አንድ ነገር ነው የሚለኝ። "አልቅሺ፣ ይውጣልሽ።"

"አልመጣልኝም እትዬ።"

"አትያዥው የኔ ልጅ። የተያዘ እንባ ልብ ይበላል።"

"ልቤን ቁርስ አላበላሁትም፤ ይብላ።"

እንዲህ ስላቸው አይቆጡም። ያባሰው እሱ ነው። ያቅፉኛል። ራሴን ደረታቸው ላይ አስጠግተው ያወዛውዙኛል። ክፉ ቢሆኑ እኮ ቀላል ነበር፤ ክፉ ሰው ፊት ማልቀስ አልወድም። እነሱ ግን ሥራቸውን ጥለው፣ ልጆቻቸውን አዝለው፣ የእኔን ልጆች ሊቀብሩልኝ መጥተዋል። አንዷም ግን ታምሜ እንደሆነ አልጠየቀችኝም።

ከሰዓት በኋላ እማማ ሊዲያ ቀረብ አሉኝ። ድምፃቸው ሻክሯል።

"ልጄ፣ ስም ከሌለው ሙሾው አይያዝልኝም። ለልጆቹ ምን ስም አስበሽ ነበር?"

ምንም አላሰብኩም ነበር። ግን አየኋቸው፣ ጋሽ ክሩቤልንም አየሁ፣ ከዚያ የማይረባው አፌ ተከፈተ።

"ወንዱ ክሩቤል።"

"እህህ… ሴቷስ?"

"ሊዲያ።"

እማማ ሊዲያ አንዴ ምራቃቸውን ዋጡ። ግን ሙያ ሙያ ነው፤ ተነሥተው አወረዱት፦

*እንኳን ልታዝልህ ሳታይህ ባይኗ፣*
*ክሩቤል የት ሄድህ ባዶ ሆነ ጎኗ።*

ጋሽ ክሩቤል ስማቸውን ሲሰሙ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ እንደገና ወደ ቀኝ እንትፍ እንትፍ አሉ። የራሳቸው ሚስት ሳታስበው ደረቷን መታች። እማማ ሊዲያም ተራው ሲደርስ "ሊዲያ የኔ እናት" እያሉ ለራሳቸው አለቀሱ፤ መጨረሻው ላይ ከልባቸው ነበር። ከጥግ በኩል ማንጠግቦሽ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ሰው ሁሉ "ታሳዝናለች፣ እንዴት ታለቅስላታለች" አለ።

ያን ቀን በደረቅ ዓይን አለፍኩ።

በማግስቱ ሴቶቹ መከሩ መሰለኝ፤ እትዬ ሄመን ከጎረቤት በር መጥታ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ሽንኩርትና ቢላዋ ጭኔ ላይ አስቀመጠች። ቀዩን ሽንኩርት። ትንንሹን፣ ክፉውን።

"እጅሽ ሥራ ይያዝ ብዬ ነው" አለች፣ ሌላ ቦታ እያየች።

"እትዬ፣ ባለሐዘን ሥራ አይሠራም። ደንብ ነው።"

"ማዘናጊያ እኮ ነው…"

"ጋሽ ክሩቤል!" ብዬ ጮህኩ። "ባለሐዘን ሽንኩርት ይከትፋል?"

ጋሽ ክሩቤል ተነሡ። ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። ክርክሩ ረዘመ። አንዱ የሽንኩርት እንባም ከዓይን እስከወጣ ድረስ እንባ ነው አለ። ሌላው እንደዚያ ከሆነማ ወጥ ቤት ያለች ሴት ሁሉ በየቀኑ ድንኳን ይጣልላታ አለ። የጋሽ ናትናኤል ድምፅ ማጉያ "እህ… እግዜር ያጥናችሁ" አለች። በመጨረሻ ሽንኩርቱ ተነሣ። እትዬ ሄመን ስታነሣው አይታኝ ነበር፤ ተናዳ አይደለም። ጭንቀት ነው። "ላንቺ ብለን ነው እኮ" አለችኝ። "ይሄ ሁሉ ሰው መጥቶ ልቅሶው ቢፈርስ እናትሽ ምን ትባላለች?"

ማንጠግቦሽ ንፍሮ ይዛ መጣችና እግሬ ሥር ቁጢጥ አለች።

"እስቲ ስደቢኝ" አልኳት።

"አልችልም። ባለሐዘን አይሰደብም።"

"ማንጠግቦሽ፣ በሞቴ።"

"ሞተሻል እኮ ለዚያ ነው" አለች፤ ከዚያ ራሷ ደነገጠችና ሮጣ ሄደች።

ያኔ ነው እማን ማግኘት አለብኝ ብዬ የተነሣሁት። የቤቱ ባለቤት እሷ ናት። "አላዘንኩም" ካለች በቃ፤ አንድ ቃል ነው።

ማድ ቤት አገኘኋት። ማድ ቤታችን ሁለት ሰው አይችልም፤ ያን ቀን ሰባት ሴት ነበረበት። ሽንት ቤቱም እንደዚሁ፤ ወረፋው እስከ ሳሎን ደርሷል። እማ ጠዋት ጠዋት ገብታ የምትቆልፈው፣ ውሃ ከፍታ ረጅም ሰዓት የምትቆየው እዚያ ነው። ስትወጣ ሁሌም ፊቷ ቀልቶ ነው፤ ለአባዬ የምታለቅስ ይመስለኝ ነበር። መርዶው ከገባ ወዲህ አንድም ቀን ብቻዋን አልገባችም። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ ዓይኖቿ ብቻ ነው የሚታዩት።

ጎትቼ ከበሩ ጀርባ አቆምኳት።

"እማ፣ ይሄ ነገር ይድናል። ሲስተር ነግራኛለች። 'አላዘንኩም' በያቸውና ድንኳኑ ይታጠፍ።"

"ስንት ሰው እንደመጣ አየሽ?"

"አየሁ።"

"አባትሽ ሲሞት አዲስ ገቢ ነበርን። እድር አልገባንም። ሬሳውን ለማውረድ ሊፍት ውስጥ ያገኘሁትን ሰው ነው የለመንኩት። አንድ ሰው ብቻ 'አይዞሽ' አለኝ፤ እሱም ሰባተኛ ፎቅ ላይ ወረደ።"

"እና ለአባዬ አልቅሺ! ድንኳኑ የኔ ነው እንዴ?"

"ድንኳን አይመረጥም፣ የውብዳር።"

"እኔ ልታከም ነው የምልሽ! ነገ ከታጠፈ አበቃልኝ። ገባሽ?"

እማ አየችኝ። አንድ ነገር ልትናገር ነጠላውን ከአፏ ነካ አደረገችው፤ ከዚያ ከማድ ቤት "ኤልዳና! ሰው መጥቷል!" ተባለ። በዕድሜዋ ሙሉ ማንም "ሰው መጥቷል" ብሏት አያውቅም። መልሳ ተከናነበችና ሄደች።

እኔም ተመልሼ ቦታዬ ተቀመጥኩ። እሺ አልኩ በልቤ። እናት ካልረዳችኝ ዓይኔ ይረዳኛል።

ሠልስቱ ደረሰ። ከጠዋት ጀምሮ ሰው አልጎደለም። ቄሱም መጥተው ፈትተው ሄዱ፤ ምን እንደሚፈቱ ግን ግራ ገብቷቸው ነበር፤ ሁለት ጊዜ "ነፍሳቸውን… ነፍሷን… የሁሉንም ነፍስ" አሉ። እማማ ሊዲያ ድምፃቸው አልቆ በሹክሹክታ ነበር የሚያወርዱት። ጋሽ ክሩቤል በየደቂቃው ዓይኔን ያያሉ። እኔም አያቸዋለሁ። ዓይኔ እንደ ጣሪያችን ሶላር ነው፤ ደረቅ፣ የተወለወለ።

ፀሐይዋ ከብሎኩ ጀርባ ስትገባ ነው ድንኳኑ የሚታጠፈው። ጥላው ወንበሮቹን አንድ በአንድ እየዋጠ ወደ እኔ መጣ። የፊተኛው ረድፍ ሲደርስ ሰዎች ተስፋ ቆርጠው መነሣት ጀመሩ። አንዱ ሽማግሌ ለጋሽ ክሩቤል "ይፈርሳል መሰለኝ" ሲል ሰማሁት። ጋሽ ክሩቤል ጋቢያቸውን አስተካከሉ፤ የሚያፍር ሰው ፊት አሳዩ። አሳዘኑኝ እንጂ ምን ያደርጋል። በልቤ የሲስተርን መስኮት እያየሁ ነበር። ነገ ጠዋት ሄጄ ስሜን ስትጠራው "አቤት!" እላለሁ፤ ብሎኩ እስኪሰማ።

ያኔ እማ መጣች። ከኋላዬ መጥታ ተንበረከከች። ነጠላዋን ከራሷ ላይ ሳታወርድ ግማሹን በእኔ ራስ ላይ አለበሰችው፤ ሁለታችን ከውስጥ ሆንን። ውስጡ ጭስና ሳሙና ይሸታል። እጄን ያዘችና ወደ ፊቷ ወሰደችው። አገጯ ላይ አሳረፈችው።

እሾህ ነው። ያልተነቀለ፣ የሦስት ቀን ፂም። ልክ እንደኔ።

"በየጠዋቱ የምነቅለው እሱን ነው" አለች በሹክሹክታ። "በዚህ ሰው መሃል የት ልግባ? አንቺን ከመውለዴ በፊት ጀምሮ አለብኝ። ያኔ መቀመጫው አልነበረም፤ ማንም አላወቀብኝም። ተደብቄ ክኒን ወሰድኩ። ሁለት ዓመት ወሰድኩ። ከዚያ አንቺ መጣሽ።"

እጄን ከአገጯ አላነሣሁም።

"ይኸው ነሽ" አለች። "ይኸው። ፂምሽን ሳይ ነው ያወቅሁት፤ መናገር አፈርኩ። ይቅር በይኝ። አሁን ተነሥቼ እነግራቸዋለሁ።"

እኔ ለሐዘን ነበር የተዘጋጀሁት። ለሙሾ፣ ለሽንኩርት፣ ለእቅፍ። ለዚህ አልተዘጋጀሁም። ስንት ጠዋት ከበሩ ውጭ ሆኜ "ፍጠኚ እንጂ እማ!" እያልኩ በእጄ አገጬን ሸፍኜ ቆሜያለሁ፤ እሷም ከውስጥ ሆና አገጯን። አንድ በር ነው መሃላችን የነበረው። ደስ አለኝ፤ ከዚያ ተናደድኩ፤ ከዚያ የትኛው እንደሆነ ሳላውቅ ጉንጬ ረጠበ።

ነጠላው ተገለጠ። ጋሽ ክሩቤል ከበላያችን ቆመዋል። የብሎኩ ጥላ ገና ጉልበቴ ላይ ነበር።

"ተመስገን" አሉ፤ እውነታቸውን ነው ደስ ያላቸው። "ወጣላት! እንባዋ ወጣላት! ልቅሶው ጸንቷል!"

"ለልጆቹ አይደለም!" አልኩ። "ጋሼ፣ ለልጆቹ አይደለም ያለቀስኩት!"

"አይዞሽ፣ አይዞሽ" አሉ ከሁሉም በኩል። "አልቅሺ፣ እንዲህ ነው!" የሄዱት ተመለሱ። እትዬ ሄመን ከደስታዋ ብዛት ዋይ አለች።

እማ ቆመች። ነጠላዋን ከራሷ ላይ ጎትታ ጣለችው። ሰው ሁሉ ፊት፣ በቀረችው ብርሃን፣ አገጯን ቀና አድርጋ።

"ስሙኝ!" አለች። "እኔም ነበረብኝ! እዩኝ! እኔም ነበረብኝ፣ ወልጃለሁ! ልጄ ትድናለች!"

ድንኳን ውስጥ ነጠላዋን ጥላ የምትጮህ እናት ምን ትባላለች? ሐዘን የጸናባት ትባላለች። ፂሟን አዩት፤ ሐዘን አጎሳቁሏት ነው አሉ። እጇን ያዟት፣ ራሷን እንዳትጥል ከሁለት በኩል ደገፏት። እማማ ሊዲያ ያለቀው ድምፃቸው ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ቃሉን ከአፏ ተቀበሉና አወረዱት፦

*እኔም ነበረብኝ ትላለች እናቷ፣*
*ለልጇ ተረፈ የቆሰለ አንጀቷ።*

ድንኳኑ በአንድ ድምፅ አለቀሰ። እማ "አይደለም፣ ስሙኝ" ባለች ቁጥር "እህህ" ብለው ተቀበሏት። እንደዚያ ያማረ ልቅሶ ብሎካችን አይቶ አያውቅም ይባላል እስከ ዛሬ። የጋሽ ናትናኤል ድምፅ ማጉያ ሳትቀር "እህ…" አለች፤ ከዚያ ድንኳኑ ራሱን አጠፈ፣ ሰውም ጣቱን አስነክቶ ወደ ቤቱ ገባ።

በማግስቱ ጠዋት ምድር ቤት ወረድኩ። ሲስተር ኤፍራታ ከመስታወቱ ጀርባ አየችኝ፤ ስሜን ፈለገች። አላገኘችውም።

"እናትሽ የወሰደችው ክኒን ያኔ ሱቅ ይሸጥ ነበር" አለች። "አሁን በእኔ መስኮት ብቻ ነው የሚወጣው።"

"እናውቃለን" አልኳት።

"ቀጣይ" አለች። እውነትም ከኋላዬ አንዲት ልጅ ቆማ ነበር፤ ከእኔ ታንሳለች። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባለች። ነገሩን ልነግራት አሰብኩ፤ ከዚያ መርዶ የሚነግር ሰው መሆን አስጠላኝና ሄድኩ።

ቤት ስደርስ የሽንት ቤቱ በር ክፍት ነው። እማ ወረንጦዋን ይዛ መስታወቱ ፊት ቆማለች። ዘወር ብላ አየችኝ፣ ሌላ ወረንጦ ከኪሷ አወጣች። አዲስ አይደለም፤ እንደምትሰጠኝ አስባ ስታስቀምጠው የኖረች ይመስለኛል።

"ቀና በይ" አለችኝ። አገጬን ይዛ መንቀል ጀመረች።

"ያማል እኮ!"

"ትለምጂዋለሽ። ዝም በይ።"

"አንቺስ ማን ይነቅልልሻል?"

"አፍሽ ካረፈ አንቺ።"

ነቀልኩላት። ጎበዝ አይደለሁም፤ ሁለት ጊዜ ቆዳዋን ያዝኩባት። ሰደበችኝ። ከሦስት ቀን በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያው ስድብ ነው፤ ጣፈጠኝ።

እሷ ስትወጣ መቀመጫው ላይ ተቀመጥኩ። አነበበ። እንደ ሁልጊዜው "ደህና ነሽ" የሚሉ መስሎኝ ጠበቅሁ። ጋሽ ሮቤል ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እግዜር ያጥናሽ" አሉኝ።

"እርስዎን ያጥናዎት ጋሼ" አልኳቸው። "የሞቱት እርስዎ ነዎት።"

ተነሣሁና ውሃውን ለቀቅሁባቸው።